የወደቀ አይነሳም

ከዳንጊሶ ጋራዥ፣ ከባጃጅ መደዳ፣
እሁድ ከሰዓት ነው፣ የዓለማት ፍዳ።
በሩ ግማሽ ወርዶ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር
ፀሐይ በሳንቲም ልክ፣ ስትወርድ በቁጥር።

ጠረጴዛው በር ነው፣ ካጥፉ የወለቀ፣
በአራት ጎማ ላይ፣ በግሪስ የደቀቀ፤
ግን ዛሬ ጨረቃ ነው፤ ሰባተኛ ጨረቃ፣
አመዱ ከዳቦ ቤት፣ ሐይቁ መስታወት የነቃ፣
ቋጥኙ ከታቦር ግርጌ፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ።

መድፉ ካንዴላ ነው፣ ያለቀለት ካንዴላ፣
አፉ ጥቀርሻ ነው፣ ገላው እሳት የበላ፤
አርባ ሳንቲም ይመታል፣ ከዚያ አንድ ዙር ያርፋል፤
ሲግል የነካው ሁሉ፣ በራሱ ሰው ይተርፋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ተራማጁ ማሽን፣ አባ ኮዳ ነው።
ዳንጊሶ ሠርቶታል፣ አሞራ ገደል ውሎ፣
ወፉ ሲራመድ አይቶ፣ እርምጃውን ከፍሎ፤
እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣ ጎብጦ፣ ራሱ ተመልጦ፣
የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ፣ ከጀልባው ላይ አፍጥጦ።
ጉልበቱ የፍሬን ሽቦ፣ ደረቱ የሽሮፕ ብልቃጥ፣
በክንፉ ስር ያለው ጦር፣ ብረት እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ፣
የእስክርቢቶ ቀፎ ነው፤ ቀለሙ ሳይነጥፍ ገብቶ፣
በሙቀት ቀን ጨረቃዋን ያቀልማል፣ ሰማያዊ ተፍቶ።

ከማዶው ትርንጎ፤ የሌሊት ፈረቃዋን ፈታ፣
ስድስት መቶ ኮሌታ፣ ቀና ሳትል ሰፍታ፣
ክር ከቀሚሷ ላይ፣ ሳትለቅም መጥታ።
ሜትሩ የእሷ ነው፤ ከአንገቷ ታወርደዋለች፤
የሰው ወገብ የለካ ጨርቅ፣ ሞት ትለካበታለች።
ጭፍራዋ ቆርኪ ነው፤ አርባ የቆርኪ ታንክ፣
በጥፍር ቀለም የቀላ፣ በጠብታ በልክ።

ዳይሱ ተንከባለለ። አምስት።
እንደገና። ስድስት።
አባ ኮዳ ጉልበቱ ከዳው። ሦስት ነጥብ ቀረው፤
አንድ። ከዚያ ባዶ።
በብልቃጥ ደረቱ፣ ተደፋ አመዱ ላይ።

ዳንጊሶ እጁን ሰደደ፤ ደንቡ አጭር ነው፣ ግልጽ፦
ነጥቡ ያለቀ ይነሳል።
«ተወው» አለች ትርንጎ። «የወደቀ አይነሳም።»
«ደንቡ እኮ—»
«ደንቡን የጻፈው ሰው፣ ብረት ሲቃጠል አይቷል?
የነደደ ታንክ እንደ ጤዛ፣ በማግስቱ ይጠፋል?
ወንድሜ ሲኖትራክ ይነዳል። አንድ ክረምት ሙሉ
አንዷን ታንክ እየዞረ ነው ያለፈ፤
ሰንሰለቷ ላይ ሰዎች ፍየል አስረውባት ነበር።»

ዳንጊሶ አልተከራከረም።
ከባጃጅ ደረሰኝ ጀርባ፣ በደነዘዘ እርሳስ
ጻፈ፦ ደንብ አርባ አንድ። የወደቀ አይነሳም።

ከዚያ እሁድ ወዲህ፣ ጨረቃዋ ጠበበች።
መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ ሬሳው ከለላ ሆነ፣
ተኳሽ ከጀርባው አደረ።
ቀጥሎ አጥር ሆነ።
ቀጥሎ ቆርኪ በቆርኪ ላይ፣ ክንፍ በጎማ ላይ፣
ሜትሩ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አቃተው፤
እንደ እባብ ታጥፎ፣ በሙታን መሃል ሄደ።
ግንቦት ላይ መድፍ ሞልቶ፣ የሚተኮስበት ቀዳዳ የለም፤
የሚራመድ ሞልቶ፣ እግር ማሳረፊያ የለም።

«እንግዲህ ሰላም ወረደ?» አለ ዳንጊሶ።
«ሰላም አይደለም» አለች። «መንገድ ተዘጋግቶ ነው።»

ያን ዕለት ላሚሶ መጣ፣ ባጃጁን እየገፋ፤
ካንዴላው ሞቶበት፣ እሁድ ሱቅ ዝግ ሆኖ።
ዳንጊሶ ጎንበስ ብሎ፣ ከፍርስራሹ መሃል
ትልቁን መድፍ ነቀለ፤
በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ እፍ አለበት፣ ገጠመው።
ሦስት ጊዜ ረገጠ።
አልነሳም።
ድሮም ያለቀለት ነበር፤ ወይ ደግሞ
አንዴ መድፍ የሆነ፣ ካንዴላነት ይረሳል።
ላሚሶ ስቆ ገፍቶ ሄደ፣ ወደ ሐይቁ ቁልቁለት።

ትርንጎ ቦርሳዋን ፈታች፤ አዲስ ቆርኪ፣ ገና ያልተቀባ።
«የት ልታሰልፊው?» አላት፣ «ሞልቷል እኮ በሩ!»
ከወንበሯ ወርዳ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ አየች፦
የዘይቱን ጥቁር ባሕር፣ የወደቁትን ብሎኖች፣
ከመዝጊያው ስር የገባውን፣ ቀጭን የአመሻሽ ብርሃን።

«ወለሉ» አለች፣ «ሰፊ ነው።»